የአያቴ ጀበና

ባለፈው ክረምት ከናይሮቢ ደብረ ብርሃን አያቴ ዘንድ ስሄድ፣ የአክስቴ ልጅ በላስቲክ ወንጭፍ ማነጣጠር አስተማረኝ። ከማድቤቱ ፊት ለፊት ባለው ግንድ ላይ የቲማቲም ጣሳ አስቀምጠን በ15 እርምጃ ርቀት እንመታለን። ጠዋት ጠዋት ብርዱ ላስቲኩን ስለሚያደርቀው ጠጠሩ ጣሳው ጋ ሳይደርስ ይወድቃል። ስለዚህ ከፍ አድርጌ ማነጣጠር ለመድኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጣች። ላስቲኩ ሞቆ ለስልሷል፤ እኔ ግን እንደ ጠዋቱ ከፍ አድርጌ ለቀቅሁት። ጠጠሩ በጣሳው ላይ አልፎ መስኮቱ ላይ የነበረውን ጀበና አንገቱን ቆረጠው።

አያቴ የተቆጣችው የአክስቴን ልጅ ነው። (ወንጭፉ የእሱ ነበራ!) ወንጭፉንም ምድጃ ውስጥ ከተተችው። እሱ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ።

ይህን ጽሑፍ እናቴ በስልክ ታነብላታለች። እምዬ፣ የሰበርኩት እኔ ነኝ።