የጋሼ ሳንድ ዌጅ

መጋቢት 27፣ 2017፣ ቅዳሜ

የጎልፍ ሜዳው ስድስተኛ ቀዳዳ ላይ የጋሼ ኳስ ከግሪኑ (ቀዳዳው ካለበት አጭር ሣር) በስተቀኝ ካለው ባንከር፣ የአሸዋ ጉድጓድ፣ ገባች። አንዴ መቱ፤ ዱላዋ አሸዋው ውስጥ ተቀብራ ቀረች፣ ኳሷም ትንሽ ተንፏቃ ተመልሳ እግራቸው ሥር ቆመች። በሁለተኛው አሸዋውን ፈርተው ኳሷን ብቻ ሊያነሱ ሲሞክሩ ወገቧ ላይ አገኟትና ግሪኑን ተሻግራ ዛፎቹ መሐል ገባች። ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን ሲቪል መሐንዲስ ሆነው የሠሩ ሰው ናቸው፤ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጠረጥሩት መሣሪያውን ነው።

«ይቺ ዱላ አትረባም። አዲስ ልገዛ ነው» አሉኝ።

ጎልፈኛ ሁሉ እንዲህ ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ዱላዋ ምንም ጥፋት የለባትም። ይቺኛዋን ግን ተቀብዬ ሳገላብጣት አቤቱታቸው ተገቢ መሰለኝ። ጡረታ በወጡ ሰሞን ጎረቤታቸው ጋራዡን ሲያጸዳ ከነቦርሳው በርካሽ የሸጠላቸው ናት። ፊቷ ላይ ያሉት ጭረቶች ከማለቃቸው የተነሣ ጥፍር አይዙም። ሶሏ (መሬት የሚነካው ሥሯ) ቀጭን ነው፤ የፊት ጠርዟ እንደ መጥረቢያ የሰላ ነው። ጀርባዋ ላይ 56 ተጽፏል፤ ሌላ ቁጥር የለም።

መጋቢት 30፣ ማክሰኞ

የሌሊት ፈረቃ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ወደምሠራበት ፓርኪንግ የሚገባ መኪና የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ቅዳሜ ለጋሼ የማስረዳውን ወረቀት ላይ ስሥል አደርኩ። መሐንዲስ ያለ ሥዕል አያምንም።

ሳንድ ዌጅ፣ የአሸዋ ዱላ፣ የሚገዛ ሰው የሚጠይቀው ስለ ሎፍት ብቻ ነው፦ 54 ይሁን? 56? 58? ሎፍት ማለት ፊቷ ወደ ኋላ የተጋደመበት ማዕዘን ነው፤ ኳሷ ከፍ ማለቷና ርቃ መሄዷ በእሱ ይወሰናል። ከአሸዋ በሰላም ለመውጣት ግን ከእሱ ይልቅ ሁለተኛው ቁጥር፣ ባውንስ፣ ይበልጥ ያስፈልጋል። ዱላዋን ጠረጴዛ ላይ ለመምታት እንደሚያዘጋጇት ቢያቆሟት የፊት ጠርዟ ጠረጴዛውን አይነካም፤ የሚያርፈው የሶሏ ሆድ ነው። ከጠርዟ እስከ ሆዷ ያለው ቁልቁለት በዲግሪ ሲለካ ባውንስ ይባላል። ከ4 እስከ 6 ዝቅተኛ፣ ከ7 እስከ 10 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከፍተኛ ይሉታል። ሳንድ ዌጆች ላይ በብዛት የሚገኘው ከ10 እስከ 14 ያለው ነው።

ከባንከር በደንብ ሲመታ ዱላዋ ኳሷን ጨርሶ አትነካትም። ከኳሷ ኋላ አሸዋው ውስጥ ትገባለች፣ አሸዋውን ትገፋለች፣ አሸዋው ኳሷን ተሸክሞ ይወጣል። ሆድ ያላት ዱላ ትንሽ ገብታ ወደ ላይ ትንሸራተታለች። ሆድ የሌላት ትቆፍርና እዚያው ትቀራለች። የጋሼ ዱላ ቅዳሜ ያደረገችውም ይህንኑ ነው።

ሆዱን የጨመረላት ሰው አሜሪካዊው ጎልፈኛ ጂን ሳራዘን ነው ይባላል። ከእሱ በፊትም ከአሸዋ ለመውጣት ተብሎ ፊቱ እንደ ማንኪያ የጎደጎደ ዱላ ተሠርቶ ነበር፤ ሌላው ጎልፈኛ ቦቢ ጆንስም እ.ኤ.አ. በ1930 ሆይሌክ ላይ የብሪታንያን ኦፕን ሲያሸንፍ ተጠቅሞበታል። ብዙም ሳይቆይ ተከለከለ። ሳራዘን ራሱ እንደተረከው ከሃዋርድ ሂውዝ ጋር አውሮፕላን ማብረር ሲማር ጭራው ወደ ታች ሲወርድ አፍንጫው ወደ ላይ መነሣቱን ያስተውላል። ያንኑ ለዱላም ሊያደርግ ፍሎሪዳ ቤቱ ገብቶ ከአሮጌ ዱላው ሶል ሥር እርሳስ እየበየደ፣ በሞረድ እየሞረደ፣ አሸዋ ላይ እየሞከረ ከረመ። እ.ኤ.አ. በ1932 እንግሊዝ አገር ፕሪንስስ ሜዳ ለብሪታንያ ኦፕን ሲሄድ ዳኞቹ አይተው እንዳይከለክሉበት ዱላዋን ቦርሳው ውስጥ ራሷን ወደ ታች ገልብጦ ይይዛት ነበር። ውድድሩን በ283 ምት፣ በ5 ልዩነት አሸነፈ። በዚያው ዓመት የአሜሪካንንም ኦፕን ደገመ። ይህን ታሪክ ለጋሼ ከነገርኳቸው ግን መበየጃ ገዝተው ጋራዥ እንደሚገቡ ስለማውቅ ለራሴ ይዤዋለሁ።

ሚያዝያ 4፣ ቅዳሜ

ሰኞ ሕማማት ይገባል። ጋሼ እስከ ፋሲካ ዱላ አልነካም ብለዋል፤ ስለዚህ መግዛት ካለብን ዛሬ ነበር። ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ አካባቢ ካለ ሱቅ ሄድን።

የሱቁ ልጅ ትሑት ነው፤ ግን ገና ሳንቀመጥ 60 ዲግሪ ይዞ መጣ። ቴሌቪዥን ላይ የሚታዩት ባለሙያዎች የሚጠቀሙባት ናት፣ ሆዷም ትንሽ ነው፣ አለን። እውነቱን ነው። እነሱ ግን ሥራቸው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይለማመዳሉ፣ የሚጫወቱበትም ሜዳ ሣሩ በቅጡ የታጨደ፣ አሸዋው በቅጡ የተነጠፈ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ የሚጫወት፣ ጉልበቱ የሚያምመው ሰው 60 ዲግሪ ሲሰጡት ኳሷን ወይ ከአናቱ በላይ ያወጣታል፣ ወይ በጠርዙ ይመታታል።

«መጀመሪያ የፒቺንግ ዌጅዎን እንለካ» አልኳቸው። ከሳንድ ዌጅ ቀድማ የምትመጣው ዱላ ናት። ልጁ መለኪያው ላይ አሰራት፤ ሎፍቷ 48 ሆነ። የድሮ ዱላ ስለሆነች ነው እንጂ ዛሬ የሚሸጡት ብዙዎቹ ከ43 እስከ 46 ናቸው፤ አምራቾቹ ኳሷ ርቃ እንድትሄድ ፊቷን ቀና እያደረጉ መጥተዋል። እንደዚያ ያለ ፒቺንግ ዌጅ ያለው ሰው 56 ቢገዛ መሐሉ ላይ የ10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ገደል ይፈጠርና አንድ ሌላ ዱላ ያስፈልገዋል። በዱላና በዱላ መካከል ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። ለጋሼ 48 ላይ 6 ሲደመር 54። ለአሸዋም አይጎድልም፤ ፊቷን ትንሽ ከፈት ሲያደርጓት ሎፍቱም ባውንሱም ይጨምራል።

«ባውንሱስ?» አሉ። ሥዕሌን አጥንተው መጥተዋል ማለት ነው።

ሁለት ነገር ነው የሚታየው፦ አመታቱና መሬቱ። ጋሼ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ፣ መሬት የሚቆርስ ምት አላቸው፤ እንዲህ ለሚመታ ሰው ትልቅ ሆድ ይሻለዋል። ሣሩን ላጭቶ የሚያልፍ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ትንሹ ይበቃቸው ነበር። አሸዋውም የኛ ሰፈር ሜዳ ላይ ጫማ የሚውጥ ለስላሳ ነው፤ ያም ወደ ትልቁ ይገፋል። በሌላ በኩል የሰሜን ቨርጂኒያ አፈር ቀይ ሸክላ ነው፣ ነሐሴ ላይ እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል። ከዚያ ላይ ትልቅ ሆድ ይነጥርና ጠርዙ ኳሷን ወገቧ ላይ ያገኛታል። ልጁ 14 ይሁን አለ። እኔ 12 አልኩ፣ ሶሏ ሰፋ ያለ፣ ተረከዟ በኩል ትንሽ የተሞረደላት። ጋሼ ሁለቱንም ምንጣፉ ላይ ሲወዘውዙ ቆዩና 12ቷን ያዙ። ከ200 ዶላር ብዙም አልጎደለችም። ያገለገለች በግማሽ ዋጋ ነበረች፤ ግን ጭረቷ ያለቀ ዱላ ከያዟት አሮጌ የተለየች አትሆንም ብዬ አዲሷን መረጥኩላቸው።

ሚያዝያ 12፣ እሑድ፣ ፋሲካ

ጋሼ ቤት ዶሮ ወጥ ተበላ። ቡና እስኪፈላ ጋሼ ሁለቱን ዱላዎች አምጥተው ምግብ ጠረጴዛው ላይ አቆሟቸውና ከአዲሷ ጠርዝ ሥር ሁለት የ25 ሳንቲም ደርበው አሾለኩ። ከአሮጌዋ ሥር አንዱም በግድ ነው የገባው። እንግዳው ሁሉ ተራ በተራ ሞከረ።

«በዓመት በዓል ማዕድ ላይ ብረት ይቆማል?» አሉ ባለቤታቸው እትዬ፤ ዱላዎቹ ኮሪደር ወጡ።

ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ

መለማመጃው ባንከር ውስጥ በዱላ ጫፍ ረጅም መስመር አሠመርኩላቸው፤ ኳስ የለም። መስመሩን እየመቱ ወደፊት ይሄዳሉ፤ ከዚያ ዞር ብለን ጉድጓዶቹን እናያለን። በአዲሷ ዱላ የተገኘው ጉድጓድ ረዘም ያለ፣ ጥልቀት የሌለው፣ እጅ መዳፍ የሚያክል ነው። በአሮጌዋ ጥልቅና አጭር፣ ከመስመሩ ኋላ የጀመረ። ጋሼ በርከክ ብለው ጥልቀቱን በጣታቸው ለኩ። እዚህ ይፈቀዳል፤ ጨዋታ ላይ ኳስዎ ባንከር ውስጥ እያለ አሸዋውን በእጅም በዱላም መፈተሽ ያስቀጣል። ጫማን ወዝወዝ አድርጎ መቆም ግን ሕጉ አይከለክልም፤ አሸዋው ለስላሳ ይሁን ጠጣር የምናውቀውም በዚያ ነው።

ግንቦት 2፣ ቅዳሜ

ዋሽንግተን ገብተን ላንግስተን ተጫወትን። አናኮስቲያ ወንዝ ዳር ያለው ሜዳ ነው፤ ጥቁሮች ሌላ ሜዳ ላይ እንደልብ መጫወት በማይችሉበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1939፣ ለእነሱ ተብሎ በ9 ቀዳዳ የተከፈተ። በ1955 18 ሞላ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ የውጤት ካርዱን ሳይጽፉበት ኪሳቸው ከተቱት።

ዝናብ ስለጣለ አሸዋው ጠጥሯል። በኛ ሰፈር አሸዋ የለመዱትን ያህል ፊቷን ከፈት አድርገው ቢመቱ ሆዷ ነጥሮ ኳሷ ግሪኑን አለፈች። «12 በዛብኝ እንዴ?» አሉ።

አልበዛም። አሸዋው ሲጠጥር ፊቷን ቀጥ ማድረግ፣ እጅን ትንሽ ወደፊት ማስቀደም ነው፤ ያኔ የሚሠራው ባውንስ ይቀንሳል። ከኋለኛው ባንከር እንዲያ ሞከሩ፤ ኳሷ ወጥታ ባንዲራው አጠገብ ቆመች። ቀጥለው አስገቧት ብዬ አልጽፍም፤ ሳቱ።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ «ለጠጣሩ አሸዋ ደግሞ 58 ባለ 6 ብትኖረኝስ?» አሉ። እስከ 14 ዱላ መያዝ እንደሚፈቀድም አንብበዋል፤ የእሳቸው ቦርሳ ውስጥ 12 ብቻ ናቸው። ነሐሴ ይድረስና ሸክላው ላይ እንይ አልኳቸው፤ እሺ አሉ። ማታ እትዬ ደውለው ሰኞ ጠዋት ሱቅ እንደሚሄዱ ነገሩኝ።