ከመሰላ እስከ ሐዋሳ፦ የሐይቁን ጥልቀት ፍለጋ

መሰላ ሐይቅ የላትም። ተራራዋ፣ ቡናዋና ጫቷ፣ ማሽላዋም ይበቃታል ብለው የሚሟገቱ አሉ። ምዕራብ ሐረርጌ ላይ ያደገ ሰው ስለ ሐይቅ ሲያወራ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያነሣው ሐረማያን ነው። ወደ ሐረር የሚጓዝ መንገደኛ በአውቶቡስ መስኮት አሻግሮ ያየው የነበረው ያ ሰፊ ውኃ በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ። ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውኃ ይቀዳበት ነበር፤ ዙሪያውን ያሉ የጫትና የአትክልት ማሳዎችም በፓምፕ ይጠጡት ነበር። ከተራቆቱት ኮረብታዎች የሚወርደው ደለል ደግሞ ወለሉን ከፍ እያደረገው ሄደ። በቅርብ ዓመታት ውኃው ተመልሷል፤ የዚያን ጊዜውን ያየ ሰው ግን ሐይቅ ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ያህል ጥልቅ ነው?» ብሎ ነው።

ባለቤቴ ከእነዚህ ሰዎች አንዷ ናት። በውጭ አገር የሚኖረው ወንድሟ ከእጅ ቦርሳ የማይበልጥ ዓሣ ጠቋሚ መሣሪያ በላከልን ጊዜ እኔ ያሰብኩት ስለ ዓሣ ነበር፤ እርሷ ግን «ጥልቀትም ይናገራል?» አለች። ይናገራል። እንዲያውም ከሁሉ አስቀድሞ የሚናገረው እርሱን ነው።

መንገዳችን ከመሰላ ወደ ጭሮ፣ ከዚያም በሚኤሶና በአሰቦት አድርጎ ወደ አዋሽ ቁልቁል ይወርዳል። መተሐራ ስትደርሱ የሐረማያን ተቃራኒ ታያላችሁ። በሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ ከሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም ነበር፤ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ መንገዱንና የባቡር ሐዲዱን ሲጋፋ ኖሯል። ውኃው ጨዋማ ስለሆነ ማሳ ቢደርስበት ይጎዳል እንጂ አያለማም። አንዱ ሐይቅ በመድረቁ፣ ሌላው በመሙላቱ ሰው ያፈናቅላል! ከዚያ በአዳማና በሞጆ ዞረን፣ ባቱንና ሻሸመኔን አልፈን ሐዋሳ ገባን።

ሐዋሳ ለባለትዳሮች የታወቀች ከተማ ናት፤ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው ዳርቻ ያልተነሣ የሙሽራ ፎቶግራፍ ማግኘት ይከብዳል። እኛ ግን በማለዳ ያመራነው ወደ አሞራ ገደል ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ማታ የጣሉትን መረብ ስበው የሚመለሱት፣ አባ ኮዳዎቹም የዓሣ ትርፍራፊ ለመልቀም እንደ ሽማግሌ ተሰብስበው የሚጠብቁት በዚያ ሰዓት ነው። ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ጀልባ የሚከራይ ሰው ጠዋት ቢወጣ ይሻለዋል። የመንሳፈፊያ ሰደርያ ሳትለብሱ አትሳፈሩ፤ ጉማሬም እንዳለ አትርሱ።

የተከራየነው በመቅዘፊያ የሚሄድ የእንጨት ጀልባ ነው። የሰው ንብረት ስለሆነ ሚስማር መምታት ወይም መብሳት አይቻልም። ስለዚህ ድምፅ የሚልከውንና የሚቀበለውን ክፍል፣ ትራንስዱሰር የሚሉትን፣ በአንድ ጠፍጣፋ ጣውላ ጫፍ ላይ አሰርን፤ ጣውላውንም በትንሽ ሞርሳ ከጀልባው ጎን ጋር አጣበቅነው። ቁራጩ ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ መግባትና ፊቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ታች ማዞር አለበት። መቅዘፊያው አረፋ ከሚያስነሣበት ቦታም መራቅ አለበት፤ አየር ድምፁን ይጋርዳልና። ኃይሉን የሚያገኘው ከ12 ቮልት የሞተር ሳይክል ባትሪ ነው፤ ባትሪውን ውኃ እንዳይነካው በፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ አስቀመጥነው። እኔ ጣውላውን ያዝኩ፣ ባለቤቴ መስታወቱን አነበበች። ሁለቱን ሥራ ለአንድ ሰው መስጠት በትዳርም በጀልባም አያዋጣም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ድምፅ በውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,480 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በአየር ውስጥ ከሚሄድበት ፍጥነት ከአራት እጥፍ ይበልጣል። መሣሪያው ድምፅ ይልካል፣ ከወለሉ ተመልሶ እስኪመጣ የወሰደበትን ጊዜ ይለካል፣ ለሁለት ከፍሎ ጥልቀቱን ያወጣል። ዓሣን የሚያሳየውም በሆዱ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ድምፁን አጉልቶ ስለሚመልስ ነው። በመስታወቱ ላይ የቅስት ቅርጽ የሚታየው ዓሣው በድምፁ ጨረር ጠርዝ ገብቶ፣ ወደ መካከል ቀርቦ፣ እንደገና ሲርቅ ነው። ታዲያ በስተቀኝ ጫፍ ያለው ብቻ አሁን ከሥራችሁ ያለው ነው፤ የቀረው ሁሉ ያለፈ ታሪክ ነው። ብዙ ሰው ያለፈውን እያየ መንጠቆ ይጥላል።

መሣሪያውን ለመፈተን ባለቤቴ ድንጋይ የታሰረበት ገመድ ጣለች። ገመዱን ስንለካው ከመስታወቱ ቁጥር ጋር ገጠመ። ቀዛፊው ወጣት ግን ገና አልተደነቀም። «ጋሼ፣ ቆሮሶ እኮ እዚህ አይደለም» ብሎ በስተዳር ወዳለው ቄጠማ ጠቆመ። እውነቱን ነው። ከሐይቁ ከሚወጣው ዓሣ አብዛኛው ቆሮሶ ነው፤ የሚራባውም ሣር ባለበት ዳርቻ ነው። የድምፁ ጨረር 20 ዲግሪ ስፋት ካለው በአሥር ሜትር ጥልቀት ላይ የሚያየው ክብ ወደ ሦስት ሜትር ተኩል ይሰፋል፤ በአንድ ሜትር ውኃ ላይ ግን ከአንድ ትልቅ ሳህን አይበልጥም። በቄጠማው ውስጥ የልጁ ዓይን ከመሣሪያው ይበልጥ ነበር። አምባዛና ቢልጫ ለሚፈልግ ምናልባት ይጠቅመው ይሆናል። እኔ በበኩሌ መረቡ ዕለት ከዕለት እየቀለለበት ለሚኖር አጥማጅ ሐይቅ እንዲህ ያለ መሣሪያ በየጀልባው ባይታሰር ደስ ይለኛል።

ጥልቀቱን ሲሰማ ግን ልጁ ቀዘፋውን አቆመ። የሐዋሳ ሐይቅ ጥልቅ በሆነበት ቦታ 22 ሜትር ያህል ነው፤ በምድር ላይ የሚታይ መውጫ ወንዝ ስለሌለው የገባው ደለል ሁሉ እዚያው ይቀራል። ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ ጥቁር ውኃ ብቻ ነው። ከላይ የነበረው ጨለለቃ ሐይቅ በደለል ተሞልቶ ረግረግ ሆኗል፤ አንድ ጊዜ ደለሉን የሚያጣራው እርሱ ነበር። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ስለ ሐረማያ ነገረችው፤ ረጅም ሰዓት ተነጋገሩ፤ እኔ ጣውላዬን ይዤ አዳመጥኩ።

ወደ ዳር ስንመለስ ኪራዩን ከፈልነው። ዓሣ የት እንዳለ አልጠየቀንም። «እትዬ፣ ሌላ ቀን ጥቁር ውኃ አፉ ላይ ትለኩልኛላችሁ?» አላት፤ «አባቴ እዚያ መቅዘፊያው መሬት አይነካም ነበር ይላል፤ እኔን ይነካኛል።» ባለቤቴ ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ የዕለቱን ቁጥሮች ከነቦታቸው ጻፈችለት፤ ከሥራቸውም ለጥቁር ውኃ አንድ ባዶ መስመር ተወች።