150 የሻይ ማንኪያ

ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን አቅፎ ጤና ጣቢያ የሚሄድ ቤተሰብ ምን ጠብቆ እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ መርፌ፣ ሽሮፕ፣ ባስ ካለም ግሉኮስ። ሁለት ፓኬት ኦአርኤስና የዚንክ እንክብል ብቻ ይዞ የተመለሰ ወላጅ ጎረቤት ሲጠይቀው «ምንም አላደረጉለትም፤ ዱቄት ሰጥተው መለሱን» ይላል። ቅሬታው ይገባኛል፣ ግማሹ እውነት ነውና። ዱቄቱ ትክክለኛው መድኃኒት ነው፤ ዱቄቱን ሰጥቶ መመለስ ግን ሕክምናውን ከመሃል መቁረጥ ነው። የቀረው ግማሽ አጠገቡ ተቀምጦ በማንኪያ የሚያጠጣና እያጠጣ የሚያየው ሰው ነው። ይህን መቀመጥ ወላጁም፣ ባለሙያውም፣ አለቃውም እንደ ሕክምና አለመቁጠራችን ብዙ ልጅ እያስከፈለን ነው ባይ ነኝ።

ተቅማጥ ሕፃንን በአብዛኛው የሚገድለው ውሃና ጨው ከሰውነቱ ተሟጦ ደሙ እንደልብ መዘዋወር ሲያቅተው ነው። ትልቅ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያስቀምጠው ውሎ ማታ ሊነሳ ይችላል፤ የ8 ወር ልጅ ግን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ዓይኑ ሊጎደጉድ፣ ርግብግቢቱም ሊሰረጉድ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ ወደ 440 ሺህ የሚጠጉ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በተቅማጥ በሽታ ይሞታሉ። መፍትሔው ከታወቀ ደግሞ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። የታመመ አንጀት እንኳ ስኳርና ሶዲየም አንድ ላይ ሲደርሱት ሁለቱንም ወደ ውስጥ ያሳልፋቸዋል፣ ውሃውም ይከተላቸዋል። ባዶ ውሃ የጠፋውን ጨው አይተካም፤ ለስላሳ መጠጥ ደግሞ ስኳሩ ስለሚበዛ ተቅማጡን ያባብሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 ተሻሽሎ እስካሁን የምንጠቀምበት የኦአርኤስ ቀመር በ1 ሊትር ውሃ 13.5 ግራም ግሉኮስና 2.6 ግራም የገበታ ጨው፣ ከዚያም ፖታሲየምና ሲትሬት አለው። («ግሉኮስ ከለከሉት» ለሚል ቤተሰብ መልሱ እዚህ ነው፤ ግሉኮሱ ፓኬቱ ውስጥ አለ።)

ነገሩ በሰፊው የተፈተነው በችግር ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የባንግላዴሽ የነፃነት ጦርነት ሚሊዮኖችን ወደ ህንድ ሲያሰድድ፣ ቦንጋኦን በምትባል የድንበር ከተማ በስደተኞቹ መካከል ኮሌራ ገባ። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ጨውና ግሉኮስ እያስበጠበጡ በበርሜል አስቀመጡና የታማሚዎቹ ቤተሰቦች ከበርሜሉ እየቀዱ እንዲያጠጡ አደረጉ። እስከ 30 በመቶ ይደርስ የነበረው ሞት ከ4 በመቶ በታች ወረደ። ታሪኩ ሲነገር ቀመሩ ይወደሳል፣ ይገባዋልም። እኔን የበለጠ የሚገርመኝ ግን ኩባያውን ማን ይዞት እንደነበር ነው። እናት፣ እህት፣ ባል ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠጡ አደሩ፤ ጥቂቶቹ ባለሙያዎች ደግሞ እየተዘዋወሩ የባሰበትን ለዩ። ዱቄቱ ያን ያህል ሰው ያዳነው ከዚያ ሁሉ እጅ ጋር ነው።

አሁን ወደ እኛ ጤና ጣቢያ እንምጣና ሂሳቡን እንሥራው። 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ እየተነጫነጨ፣ ውሃ ሲያይ እየተስገበገበ ቢመጣ፣ የሆዱ ቆዳም ቆንጠጥ ተደርጎ ሲለቀቅ ወዲያው ባይመለስ፣ መጠነኛ የፈሳሽ እጥረት አለበት ይባላል። መመሪያው ለእያንዳንዱ ኪሎ 75 ሚሊ ሊትር ኦአርኤስ በ4 ሰዓት ውስጥ ይጠጣ ይላል፤ ለዚህ ልጅ 750 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ትይዛለች። 150 ማንኪያ፣ በየደቂቃ ተኩሉ አንድ። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቆ፣ ከዚያ አዝግሞ መቀጠል። ጡት የሚጠባ ከሆነ በመሃል ማጥባት። የዓይኑ ቆብ ካበጠ ፈሳሹ በዝቷል ማለት ነውና ኦአርኤሱን ገታ አድርጎ ጡት ወይም ንጹሕ ውሃ መስጠት። 4 ሰዓት ሲሞላ ከራስ እስከ ሆድ እንደገና መመርመርና ቤት ይሂድ፣ ይቀጥል ወይስ ግሉኮስ ይተከልለት ብሎ መወሰን። ይህን ሁሉ ሐኪሙ በአንድ መስመር ጽፎት ያልፋል፤ የሚሠራው በነርስ ዓይንና በእናት እጅ ነው።

አበጣበጡም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እኛ ዘንድ የተለመደው ፓኬት ለ1 ሊትር ውሃ የተመጠነ ነው፤ ታጥቦ የደረቀ ባለ 1 ሊትር ባዶ የውሃ ሃይላንድ ካለ ሌላ መለኪያ አያስፈልግም። ሙሉውን ፓኬት በአንድ ብርጭቆ የበጠበጠች እናት ልጇ ላይ ጨው ታበዛበታለች፣ ይህም ለሕይወቱ አደገኛ ነው። ዱቄቱን ለሁለት ቀን ላብቃቃ ብላ በብዙ ውሃ ያቀጠነችው ደግሞ ጥቅሙን ታጠፋዋለች። ከተበጠበጠ 24 ሰዓት ያለፈው ይደፋል። ይህን በቃል ነግሮ ማሰናበት ይቻላል። እናትየው ራሷ እንድትበጠብጥ አድርጎ አብሮ ማየት ግን ቤቷ ስትገባ የምታደርገውን አስቀድሞ ማረጋገጥ ነው፣ የሚፈጀውም 5 ደቂቃ ነው።

ከዚህ አሠራር ምን ያህል እንደራቅን ቁጥሩ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 12 በመቶዎቹ ከጥናቱ በፊት በነበሩት ሁለት ሳምንታት ተቅማጥ ይዟቸው እንደነበር አሳይቷል፤ ከነዚህ ኦአርኤስ ያገኙት 30 በመቶ ብቻ ናቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ፓኬቱም ገጠር ጤና ኬላ ድረስ ወርዷል። አንዳንዱ ቦታ በእርግጥ አልቆ ይሆናል። ግን ከህንድ የመጣ ጥናት ሌላ ነገር ያሳስባል። እ.ኤ.አ. በ2024 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣው ይህ ጥናት በካርናታካና በቢሃር ግዛቶች ከ2 ሺህ በላይ የግል ሕክምና ሰጪዎችን ተመልክቶ፣ ኦአርኤስ ካለመታዘዙ ውስጥ 42 በመቶው «ወላጁ አይፈልገውም» ከሚለው ግምት የመነጨ መሆኑን አገኘ። የመድኃኒቱ አለመኖር 6፣ ከሌላ መድኃኒት የሚገኘው ትርፍ ደግሞ 5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሐኪሙ ወላጁ ይቀየመኛል ብሎ ሌላ ያዝዛል፤ ወላጁ ሐኪሙ ያላዘዘው የማይረባ ቢሆን ነው ይላል። እኛ አገር ቁጥሩ ይለይ ይሆናል፣ ጠባዩ ግን አዲስ አይሆንብንም። «ዱቄት ሰጥተው መለሱን» የሚለውን ስሞታ በየቀኑ የሚሰማ ባለሙያ በመጨረሻ አሞክሳሲሊን ቢጽፍ አይግረመን።

እዚህ ላይ የሚነሱ ተቃውሞዎች አሉ፣ አንዳንዶቹም ጠንካራ ናቸው። መጀመሪያ የሚመጣው «የሰጠነውን ሁሉ ያስመልሰዋል» የሚለው ነው። ጥም ያቃጠለው ልጅ ኩባያ ሙሉ ባንዴ ሲጋት ማስመለሱ አይቀርም፤ በማንኪያ ሲሆን ግን አብዛኛው ውስጡ ይቀራል። በርካታ ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረው የኮክሬን ግምገማ በአፍ ከታከሙ 25 ልጆች አንዱ ያህል ብቻ ሳይሆንለት ቀርቶ በደም ሥር መታከም እንደሚያስፈልገው ደምድሟል። ቀጥሎ «ተቅማጡን አያቆምም» ይባላል። አዎ፣ አያቆምም፤ ሥራውም አይደለም። ተቅማጡ በራሱ ጊዜ እስኪያልፍ ልጁን በሕይወት ያቆየዋል። የሚያሳጥረው ዚንክ ነው፤ ከ6 ወር በታች ላለ በቀን 10፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 20 ሚሊ ግራም፣ ቢያንስ ለ10 ቀን፣ ተቅማጡ ቢቆምም ሳይቋረጥ። ከሱቅ እንደ ከረሜላ የሚገዛው ፍላጅል ግን ቫይረስ ላመጣው ተቅማጥ ምንም አይፈይድም፣ ብዙው የሕፃናት የውሃ ተቅማጥ ደግሞ ከቫይረስ ነው። ደም የተቀላቀለበት ሰገራ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ባለሙያ ፀረ ተሕዋስያን ያዝዛል። «አንጀቱ ይረፍ» ብሎ ምግብና ጡት መከልከል፣ «ጥርስ ሊያወጣ ነው» ብሎ ቀናት ማሳለፍ፣ ይባስ ብሎ ግግ ማስወጣትና እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ የተዳከመውን ልጅ መግፋት ነው።

ማንኪያው የማይበቃበት ጊዜ እንዳለ መሸሸግ አልፈልግም። ራሱን የሳተ ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የሆዱ ቆዳ ከ2 ሴኮንድ በላይ ተሰብስቦ የሚቆይ ልጅ ወዲያው በደም ሥር ፈሳሽ ይፈልጋል፤ ለእሱ ማንኪያ ይዞ መቀመጥ ጊዜ ማባከን ነው። በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዳ ልጅ ምልክቶች ደግሞ ያሳስታሉ። ቆዳው ውሃ ሳያጣም ቀስ ብሎ ሊመለስ ይችላል፣ ዓይኑ ከመጀመሪያውም የገባ ነው፣ ልቡም ደክሟልና ቸኩሎ ብዙ ፈሳሽ መስጠት ሊገድለው ይችላል። ለእሱ ሬሶማል የሚባለው የተለየ ውህድ በዝግታ፣ ትንፋሹና የልብ ምቱ እየተቆጠረ ይሰጠዋል። እንዲህ ያለውን ልጅ ከሌላው የሚለየው በየጊዜው እየተመለሰ የሚያየው ሰው ነው፤ ፓኬት ሰጥቶ የሸኘ ባለሙያ አይለየውም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የነርሷ ነው። በር ላይ የተሰለፈው ሕዝብ እያያት፣ ለአንድ ልጅ 4 ሰዓት ከየት ታመጣለች? ብቻዋን ታጠጣው የሚል ካለ አገሩን አያውቅም። የቦንጋኦን ልምድ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው፤ ማንኪያው በእናት ወይም በአባት እጅ ይሁን፣ ነርሷ ታስጀምር፣ በየመሃሉ ብቅ ብላ ትይ፣ በ4ኛው ሰዓት ትመርምር። የሚፈለገው አግዳሚ ወንበር፣ ጆግ፣ ኩባያ፣ ማንኪያና የግድግዳ ሰዓት ነው። ኦአርቲ ኮርነር የሚባለው ይኸው ነው። ስሙ በር ላይ ተለጥፎ ወንበሩ ላይ ካርቶን ከተደረደረበት ግን የለም ማለት ነው። ችግሩ በጤና ጣቢያው ሪፖርትም ይደገፋል፤ ቅጹ ኦአርኤስና ዚንክ የተሰጣቸውን ልጆች ብዛት ይጠይቃል፣ መስጠት ደግሞ በ1 ደቂቃ ያልቃል። 4 ሰዓቱን ጨርሶ እንደገና ተመርምሮ የወጣው ልጅ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ ኃላፊ ቢኖር፣ ካርቶኑ በዚያው ሳምንት ይነሳ ነበር።

«ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ቤት ሳይኖር ስለ ማንኪያ ማውራት ምን ይሠራል?» የሚልም አለ። ውሃው ይምጣ፤ እኛ አገር እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው የሮታ ቫይረስ ክትባትም እያንዳንዱ ልጅ ጋር ይድረስ። ዛሬ ማታ የሚያስቀምጠው ልጅ ግን የቧንቧውን መስመር ሊጠብቅ አይችልም።

ስለዚህ ልጅ ይዛችሁ የምትሄዱ፣ አፍ አውጥታችሁ ጠይቁ፦ «ኦአርኤስና ዚንክ ስጡኝ፤ ሲበጠበጥ አሳዩኝ፤ እዚሁ ተቀምጬ ላጠጣውና ከ4 ሰዓት በኋላ እዩልኝ» በሉ። ጤና ጣቢያ የምትመሩ ደግሞ ነገ ጠዋት ከስብሰባው በፊት ወደ ኮርነሩ ጎራ በሉ። ካርቶን ካለበት አስነሱት፤ ጆግና ማንኪያ ከሌለው ግዙለት።