የጋይንት ስንቅ

የምትወደው ሰው በሞት የተለያት ሴት ከቀብር መልስ ዘወትር የምትሰማው ምክር «እርሺው፤ ለልጆችሽ ስትዪ እርሺው» የሚል ነው። እኔም እናቴ ባረፈች ጊዜ ይህንኑ ምክር ተቀብዬ ነጠላዋን፣ እንዝርቷንና ከማጀቱ መደርደሪያ የማይለየውን የዱቄት ወተት ቆርቆሮዋን በሣጥን ቆልፌባቸው ነበር። በቆርቆሮው ውስጥ ምን ጊዜም ሁለት ጭብጥ የሚሆን ገብስ አይጠፋም ነበር። ለምን እንደምታስቀምጠው ስጠይቃት «ለክፉ ቀን» ከማለት በቀር አታብራራም። በሁለት ጭብጥ ገብስ ምን ክፉ ቀን ይታለፋል እያልኩ እስቅባት ነበር።

ነገሩ የገባኝ በጥር ወር 2014 ዓ.ም. ነው። ከሥራዬ የዓመት ዕረፍት ወስጄ የእናቴን ታናሽ እህት ለመጠየቅ ወደ ትውልድ አገሯ ወደ ላይ ጋይንት ሄድኩ።

ከባሕር ዳር የተነሣው አውቶቡስ ወረታ ላይ ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል። ደብረ ታቦርን ካለፈ በኋላ በጋሳይና በክምር ድንጋይ አድርጎ የጉናን ተራራ እየታከከ ይጓዛል። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነው፤ ወደ ጣና የሚፈሱት ርብና ጉማራ የሚመነጩትም ከእርሱ ነው። የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ነፋስ መውጫ እንደ ስሟ ናት፤ ከአውቶቡስ ሲወርዱ አስቀድሞ የሚቀበል ነፋሱ ነው። ከከተማዋ በስተደቡብ ታች ጋይንት፣ ከዚያም ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚያዘቀዝቀው ስማዳ ይገኛሉ። በደቡብ ምዕራብ በኩል ደግሞ እስቴ አለች።

ያን ጊዜ የጦርነቱ ጠባሳ ገና አልደረቀም ነበር። ነፋስ መውጫ በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. በትግራይ ኃይሎች ተይዛ ለቀናት ቆይታለች። በእነዚያ ቀናት በሴቶች ላይ የተፈጸመውን ግፍ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ከ16 ሴቶች አንደበት ሰምቶ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት መዝግቦታል። የአክስቴም ቤት ከዘረፋው አልተረፈም፤ በጎቻቸውና ከጎተራ የነበረው እህል ሄዷል።

እኔ በደረስኩበት ሰሞን ቤተሰቡ የሚመገበው ድንች ነበር። ነገር ግን ከምሰሶው ላይ አፉ በጨርቅ የታሰረ ትልቅ ቅል ተሰቅሎ አየሁ። ምን እንደያዘ ብጠይቅ የዘር ገብስ ነው አሉኝ። በታኅሣሥ ከተወቃችው ጥቂት ገብስ ላይ ማንም ሳይቀምሳት አስቀድመው ለዘር ያነሷት ናት።

«ታዲያ ልጆቹ ድንች ብቻ እየበሉ ይህ ይሰቀላል?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ይህ የእኔ አይደለም፤ የእምዬ ነው» አሉኝ። «እሷ እያየችኝ እንዴት እነካዋለሁ?»

ከዚያም የ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጋይንትንና ስማዳን በመታ ጊዜ የሆነውን አጫወቱኝ። አያቴ የዘሩን ገብስ በቅል አስረው ከምሰሶው ሰቀሉ። ቤቱ ባዶ ሲሆን የሰርጋቸውን የብር ድሪ ገበያ አውርደው ሸጡ፤ ቅሉን ግን አልፈቱም። ልጆቹ ሲያለቅሱ «ዘሩን ከበላነው የሚመጣውን ዓመት በላነው ማለት ነው» ይሏቸው ነበር። ክረምቱ ሲመለስ ያቺ ዘር ለጎረቤትም ተረፈች። እናቴ ወደ አዲስ አበባ የመጣችው በዚያው ዓመት ነበር። ለካ በቆርቆሮዋ የምታስቀምጠው እህል የእናቷን ቃል ኖሯል!

ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈልቶ ጎረቤቶች ተጠሩ። ከስማዳ ተድረው የመጡት እናት ልጃቸው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ከወረደ ወሬው ጠፍቶባቸዋል። ከመሄዱ በፊት በአጥሩ ዳር የተከላቸውን አምስት የባሕር ዛፍ ችግኞች በየማታው እየዞሩ ይቆጥራሉ። «ዛሬም አምስቱም ቆመዋል» አሉን፤ ማንም መልስ አልሰጠም፤ ስኒያቸው ግን ተሞላ።

የእስቴዋ ባልቴት ባላቸው በወጣትነታቸው በጋይንት ቤተልሔም ድጓ የተማሩ ነበሩ። ቤተልሔም የድጓ ዜማ የሚመሰከርበት የታወቀ ጉባኤ ቤት ነው። የዜማው ምልክት በመጽሐፍ ቢጻፍም ድምፁ የሚገኘው ከመምህሩ አፍ ነው፤ ተማሪውም ዓመታት ሙሉ እየደጋገመ ያጠናዋል። «አንድ ጊዜ ብቻ የተባለ ዜማ ይጠፋል፤ የተደጋገመ ግን ይቀመጣል ይለኝ ነበር» አሉ። ስለዚህ ልጆቻቸውን «አባታችሁ እንዲህ ይል ነበር» ሳይሏቸው አንድም ቀን አያልፍም።

እህቶች፣ እኛ የከተማ ሴቶች ትዝታን የምናውቀው ብዙ ጊዜ በእንባ ነው። እነዚህ እናቶችም ያለቅሳሉ፤ ነገር ግን ከልቅሶው በኋላ የሄደውን ሰው ሥራ ይሰጡታል። አንዱ ዘር ይጠብቃል፣ አንዱ ልጅ ይመክራል። ትዝታ እንዲህ በእጅ ሲያዝ ያጸናል፤ ተቆልፎበት ሲቀመጥ ግን ይከብዳል።

ይህን ስል ትዝታ የሁሉ መድኃኒት ነው ማለቴ አይደለም። በጦርነቱ ለተደፈረች እህት ሕክምናና ፍትሕ ያስፈልጋታል። ስማዳና ጋይንት ዝናብ በዘገየ ቁጥር የሚጨነቁ ወረዳዎች በመሆናቸው የአንዲት እናት ቅል ብቻ አገር አይመግብም። ነገር ግን እርዳታው እስኪደርስ፣ ፍትሑ እስኪመጣ ድረስ ሰው የሚቆምበት እግር ያስፈልገዋል።

ልሰናበት ስነሣ አክስቴ ቅሉን አውርደው ፈቱት። አንድ ጭብጥ ገብስ ዘግነው በነጠላዬ ጫፍ ቋጠሩልኝ። ከዘሩ እንዳያጎድሉ ብለምናቸው «ይህም እኮ መዝራት ነው» አሉኝ።

ቤቴ እንደደረስኩ ሣጥኑን ከፈትኩ። ቆርቆሮውም ወደ መደርደሪያው ተመለሰ። ትንሿ ልጄ ገብሱን አይታ «እማዬ፣ ይህ ለምንድነው?» አለችኝ። እናቴ ያላብራራችውን እኔ አብራራሁላት፤ የአያቴን ድሪ፣ የአክስቴን ቅል፣ የእናቴን ቆርቆሮ አንድ በአንድ ነገርኳት። ታሪኩ ሲያልቅ «ድገሚልኝ» አለች፤ ደገምኩላት።