ለሃምሳ ዓመታችን ያስቀመጥነው ጊዜ

መንታ ማርገዜን የሰሙ ወዳጆቼ ሁለት ነገር ይሉኛል። መጀመሪያ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ይላሉ። ቀጥለው፣ የእኔንና የባለቤቴን የቁጠባ ነገር የሚያውቁት፣ «እንግዲህ ያ የሃምሳ ዓመት ጡረታ ቀረ በዪዋ!» ይሉኛል። ለመጀመሪያው አሜን ብያለሁ። የሁለተኛው መልስ ስለሚረዝም እዚህ ልጻፈው።

ለማታውቁን፣ የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እኔ ዲሲ ውስጥ በአንድ የግል ሆስፒታል ነርስ ነኝ፤ ባለቤቴ አይቲ ይሠራል። ከተጋባን ጀምሮ እጃችን ከሚገባው ገንዘብ ሢሶውን ሳንነካ ቆይተናል። እዚህ አገር «ፋየር» የሚሉት አካሄድ አለ፤ ጉልበት ባለበት ዘመን አጥብቆ ቆጥቦ፣ ገንዘቡን ኢንዴክስ ፈንድ ውስጥ አስገብቶ፣ ከመደበኛው የጡረታ ዕድሜ በፊት ከደመወዝ መላቀቅ ማለት ነው። ለእኛ ዕድሜ ሰው የሶሻል ሴኩሪቲ ሙሉ ጡረታ የሚጀምረው በ67 ዓመት ነው። እኛ ያሰብነው እኔ 50 ስሞላ ነበር።

ሐሳቡ የቆመው በአንድ ስሌት ላይ ነው። በ1994 ቢል ቤንገን የሚባል የካሊፎርኒያ የገንዘብ አማካሪ ከ1926 ወዲህ ያለውን የአሜሪካ አክሲዮንና ቦንድ ታሪክ አገላብጦ አየ። ጡረተኛው በመጀመሪያው ዓመት ካጠራቀመው 4 በመቶ ቢያወጣ፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የኑሮ ውድነቱን ያህል እየጨመረ ቢሄድ፣ ጡረታ የወጣው በክፉ ዘመን እንኳ ቢሆን ገንዘቡ ቢያንስ 30 ዓመት እንደሚያቆየው አሳየ። ነገሩ ሲገለበጥ፣ የዓመት ወጪህን በ25 አባዛና ግብህን አግኝ ማለት ነው። የእኛ ወጪ፣ ለወላጆቻችን የምንልከው ተደምሮ፣ በወር 6,000 ዶላር ነው። በዓመት 72,000፤ ግባችን 1.8 ሚሊዮን።

ይህን የጀመርነው ሥራ ጠልተን አይደለም። እኔ ሥራዬን እወደዋለሁ። የጀመርነው ከእኛ ቀድመው የመጡትን አይተን ነው። ቀን ፓርኪንግ፣ ማታ ታክሲ። ባል ከሥራ ሲገባ ሚስት ትወጣለች፤ በር ላይ ተላልፈው፣ ልጅ ተቀባብለው፣ እንዲህ እያሉ ሃያ ዓመት። ይህን የምጽፈው ለመንቀፍ አይደለም፤ ብዙዎቻችንን ያስመጣን፣ ያስጠጋን፣ ኮሌጅ ያስገባን ያ ድካም ነው። ግን በቤተ ክርስቲያን ግቢ ቡና ስንጠጣ እነዚያው ታላላቆቻችን ደጋግመው የሚነግሩኝ አንድ ነው፤ ልጆቻቸው ሲያድጉ አላዩም። ቤቱን ከፍለው ጨርሰዋል፣ ልጆቹ ተመርቀዋል፣ የመጀመሪያ እርምጃቸውን ግን ያየችው ጎረቤት ናት። እኛ ልንገዛ የፈለግነው ያንን ጊዜ ነው።

ከዚያ መንታ መጣ።

አልትራሳውንድ የምታነሳው ባለሙያ ዝም ብላ ስትቆይ ነርስ በመሆኔ ደነገጥኩ፤ በእኛ ሙያ ዝምታ ትርጉም አለው። ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችና በጣቷ አንዱን ክብ፣ ቀጥላ ሌላውን አሳየችኝ። በሁለቱ መካከል ወፈር ያለ ግድግዳ ይታያል፤ የየራሳቸው ከረጢት፣ የየራሳቸው የእንግዴ ልጅ። ለማያውቅ ሰው ነገሩ ተራ ይመስላል። እኔ ግን በልቤ እልል አልኩ፤ አንድ የእንግዴ ልጅ የሚጋሩ መንቶች ደማቸው ሚዛን አጥቶ ከአንዱ ወደ ሌላው ሊፈስ ስለሚችል ከ16ኛው ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ መታየት አለባቸው። የእኔዎቹ ከዚህ ስጋት ነፃ ናቸው።

የዚያን ዕለት ማታ ባለቤቴ የቁጠባ ስሌታችን ያለበትን ኤክሴል ከፈተ። በዚህ መንገድ የምትቆጥቡ ሁሉ እዚህ ላይ ብታተኩሩ ደስ ይለኛል። የ25 እጥፍ ስሌት ጨካኝ ነው፤ በወር 1,000 ዶላር ወጪ ሲጨመር ግቡ 300,000 ዶላር ይርቃል። እኛ አካባቢ ለአንድ ጨቅላ የዴይኬር ዋጋ በወር 2,000 ዶላር ገደማ ነው፤ ለሁለት 4,000። ይህን እንዳለ በ25 እጥፍ ስሌት ውስጥ ካስገቡት ግቡ በ1.2 ሚሊዮን ዶላር ይሸሻል። ሰው ተስፋ ቆርጦ ሁሉንም የሚተወው እዚህ ጋ ነው። ነገር ግን ዴይኬር የዕድሜ ልክ ወጪ አይደለም። ልጅ 5 ዓመት ሲሞላው የመንግሥት ትምህርት ቤት ይገባል፤ ወጪውም ያበቃል። እንዲህ ያለው ወጪ በ25 አይባዛም፤ ለብቻው ተደምሮ ለብቻው ይከፈላል። እስከመጨረሻው አብሮን የሚቆየውን ብቻ፣ ምግቡን፣ ኢንሹራንሱን፣ ሰፋ ያለውን ቤት፣ በወር 1,000 ብለን ያዝነው። ግባችን ከ1.8 ወደ 2.1 ሚሊዮን ወጣ። ይሄ ከባድ ነው፤ ግን ሊደረስበት የሚችል ከባድ ነው።

የመንታ ወጪ የተለየ የሚሆነው ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚመጣ ነው። የታላቅ ልብስ ለታናሽ አይደርስም። የመኪናው ወንበር ሁለት፣ አልጋው ሁለት፣ ኮሌጁም ያው አራት ዓመት ለሁለቱም። የታክስ ሕጉ አንዳንዱን በልጅ ቁጥር ይቆጥራል፤ በ2025 የልጅ ታክስ ክሬዲት 2,200 ዶላር ስለሆነ ለሁለት 4,400 ነው። ከ2025 እስከ 2028 ለሚወለዱ አሜሪካውያን ሕፃናት መንግሥት የሚያስገባው 1,000 ዶላርም ለእያንዳንዳቸው ነው። ለዴይኬር ከታክስ በፊት የሚቀመጠው ገንዘብ ግን በቤተሰብ ነው የሚቆጠረው፤ ከ2026 ጀምሮ ጣሪያው 7,500 ዶላር ነው፣ አንድም ልጅ ይኑርህ ሦስት።

ስለ ኢንሹራንስ ለእርጉዝ እህቶቼ ሁሉ የምለው አለኝ። ከመንቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚወለዱት ከ37 ሳምንት በፊት ነው። የእኔ ቀን በፈረንጆች ጥር አጋማሽ ስለሆነ ልጆቹ ታኅሣሥ ውስጥ ሊመጡ ይችላሉ። ኒኪዩ፣ ማለትም የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል፣ ገብተው ቢቆዩና ዓመቱ ቢለወጥ፣ የኢንሹራንሱ ቆጠራ ጥር 1 ቀን እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ከኪሳችን ልንከፍል የምንችለውን የዓመት ጣሪያ የሁለት ዓመት አድርገን ጥሬውን ባንክ አስቀምጠናል። ልጅ ከተወለደ በ30 ቀን ውስጥ በመሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ መመዝገብ እንዳለበትም አትርሱ። ኒኪዩ በር ላይ የተቀመጠች እናት ቀን አትቆጥርም፤ ስለዚህ ሥራው ከወዲሁ ለአባት ይሰጥ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አስልተን ያየነው ይህን ነው። ሁለታችንም ሠርተን ልጆቹን ዴይኬር ብናስገባ፣ ደመወዛችን ታክስ ተቀንሶ በወር 9,000 ዶላር ነው፤ ወጪው 11,000 ይሆናል። ባለቤቴ ሥራ አቁሞ ቤት ቢሆን፣ የእኔ 5,300 ብቻ ይቀራል፤ ወጪው 7,000። አንደኛው መንገድ በወር 2,000 ያጎድለናል፣ ሁለተኛው 1,700። ልጆቻችንን በወር 300 ዶላር ጭማሪ ከፍለን ለሰው ልንሰጥ ነው ማለት ነው።

ወሰንን። ባለቤቴ ሁለት ዓመት ቤት ይሆናል። የሚጎድለው ወደ 41,000 ዶላር ይደርሳል፤ ለዚሁ ብለን ካቆየነው ጥሬ ገንዘብና፣ ካነሰም፣ ሮት አይ.አር.ኤ. በሚባለው የግል የጡረታ ቁጠባ ውስጥ ካስገባነው ዋና ገንዘብ ላይ እናወጣለን። ዋናውን፣ ትርፉን ሳይነኩ፣ በማንኛውም ጊዜ ያለ ታክስና ያለ ቅጣት ማውጣት ይቻላል። 401(ኬ) በሚባለው የመሥሪያ ቤት የጡረታ ቁጠባ ላይ እኔ የማስገባው ሆስፒታሉ የሚጨምርልኝን ያህል ብቻ ይሆናል። እስካሁን ያጠራቀምነው 410,000 ዶላር ሳይነካ ከተቀመጠ፣ ከኑሮ ውድነቱ በላይ በዓመት 5 በመቶ ቢያድግ፣ አንድ ሳንቲም ሳንጨምርበት በ15 ዓመት ወደ 850,000 ይደርሳል። በወጣትነት አጥብቆ መቆጠብ የሚሰጠው ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ቆም ስትል ገንዘቡ አብሮህ አይቆምም።

ለምን እሱ፣ ለምን እኔ አይደለሁም ለምትሉ፣ የተሻለው ኢንሹራንስ የእኔ ነው፣ የምሠራውም በሳምንት ሦስት ባለ 12 ሰዓት ሺፍት ስለሆነ አራቱን ቀን ቤት ነኝ። ዲሲ ለሚሠራ ሰው ከ2020 ጀምሮ ከተማው የሚከፍለው የወሊድ ፈቃድ አለ፤ አሁን 12 ሳምንት ከወሊድ በኋላ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ በእርግዝና ለሐኪም ቀጠሮ። ሜሪላንድ ያወጣችው ሕግ ግን መክፈል የሚጀምረው በ2028 ነው፤ እሱ ያለው የ1993ቱ የፌዴራል ሕግ ብቻ ነው፣ 12 ሳምንት ያለ ክፍያ። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ይህን ስነግራት አላመነችኝም። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ እናት 30 ቀን ቅድመ ወሊድ፣ 90 ቀን ድኅረ ወሊድ ከሙሉ ደመወዝ ጋር ታገኛለች። አባት ግን ሦስት ቀን ብቻ ነው፤ ይህም መለወጥ አለበት እላለሁ።

የባለቤቴ ቤት መቆየት ያስነሳው ወሬ ቀላል አይደለም። «ወንድ ልጅ ቤት ተቀምጦ?» ተብሏል፣ በስልክም በአካልም። እሱ የሚመልሰው አጭር ነው፤ «ልጆቼ ጋ ነው የምቀመጠው»። እናቴ፣ ቪዛው ከተሳካ ልታርሰኝ የምትመጣው፣ መጀመሪያ ዝም አለች። በሳምንቱ ደውላ «አባትሽ አስተማሪ ስለነበር ክረምቱን ሁሉ ቤት ነበር፤ እናንተ እሱን የምትወዱት ለዚህ ይሆናል» አለችኝ። ይህን ከእናቴ አፍ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ስለ አባቴ ካነሳሁ አይቀር፣ በኤክሴሉ ላይ ፈጽሞ የማንነካው አንድ መስመር አለ፤ ለወላጆቻችን የምንልከው። በእንግሊዝኛው የፋየር መጻሕፍት ውስጥ እንዲህ ያለ መስመር አላገኘሁም። አባቴ በ60 ዓመቱ ጡረታ ወጣ። ዕድሜውን ሙሉ ከደመወዙ ሲቆረጥ የኖረው ጡረታ ዛሬ የደም ግፊት መድኃኒቱንና አስቤዛውን አንድ ላይ አይችልም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ110 ብር አለፈ። የምንልከው በብር በዛ፤ የዘይቱም የመድኃኒቱም ዋጋ ተከትሎት ወጣ። አባቴን መጦር ክብሬ ነው፣ ሸክም ብዬው አላውቅም። ልጆቼ ግን እኔን ሊጦሩኝ እንዲገደዱ አልፈልግም። 30 ዓመት ሲሞላቸው፣ የቤት ኪራይና የራሳቸው ልጅ ሲመጣባቸው፣ የእናታቸው መድኃኒት በእነሱ ደመወዝ ላይ እንዲወድቅ አልፈልግም። ዕቅዱን ጨርሰን ያልጣልነው ለዚህ ነው። ቀኑ ከ50 ወደ 55፣ ምናልባት 56 ይሸሻል። ይሽሽ። 55 ስሞላ ልጆቼ 20 ይሆናቸዋል፤ ያኔ ቤት ብቀመጥም የሚፈልጉኝ በስልክ ነው። የሚፈልጉኝ አሁን፣ ከመጪው ጥር ጀምሮ ነው።

እቁብ የምትጥሉ፣ ኦቨርታይም የምትገቡ፣ 401(ኬ) የምትሞሉ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ አጠራቅሙ፤ እኔም ወደዚያው እመለሳለሁ። ካጠራቀማችሁት ላይ ጥቂቱን ልጆቻችሁ ጨቅላ ሳሉ ለማውጣት ግን አትፍሩ። በዚህ ነገር ከባለቤቴ ጋር ብዙ ማታ ተነጋግረናል፤ በሙሉ ልቤ የማምንበት ነው።

አሁን እናንተን ልጠይቅ። እዚህ አካባቢ መንታ ያሳደጋችሁ፣ በተለይ ቆሞ የሚሠራ ሥራ ያላችሁ እናቶች፣ ሥራ ያቆማችሁት በስንተኛው ሳምንት ነው? ሐኪሜ እስከ 32ኛው ሳምንት ሞክሪ ትለኛለች፤ እኔ ከ30 በፊት ባቆም ደስ ይለኛል፣ ለዚያ የሚሆነውን ገንዘብ ግን ገና አልመደብንም። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማጥባት የቻላችሁም ጻፉልኝ። አባቶችም ጻፉ፤ ባለቤቴ ያነበዋል።