ዓሣም ኮሶ ይጠጣል

ለአባቶቻችን የሆድ ትል እንግዳ ነገር አልነበረም። ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገር የኮሶ ትል ያልጐበኘው ሰው እምብዛም አይገኝም ነበርና፤ የኮሶን ዛፍ አበባ አድርቀውና ፈጭተው፥ በውኃ በጥብጠው፥ በየሁለት ወሩ ገደማ በባዶ ሆዳቸው ይጠጡ ነበር። የመድኃኒቱም ምሬት በቋንቋችን ምሳሌ ሆኖ ቀርቷል፤ ፊቱን ያጨፈገገውን ሰው ሁሉ «ኮሶ የጠጣ ይመስላል» እንላለን። ነገር ግን ትሉ ቢወጣም ጥሬ ሥጋው ስላልቀረ፥ ወይም የትሉ ራስ በሆድ ውስጥ ስለ ቀረ፥ ሕመሙ ከጥቂት ወራት በኋላ ይመለስ ነበር። ትልን ማስወጣት አንድ ሥራ፥ መንገዱን መዝጋት ደግሞ ሌላ ሥራ መሆኑን በቤታችን በግልጥ ያስተማሩን ግን የልጆቻችን ዓሣዎች ናቸው።

የምንኖረው በሐርጌሳ ከተማ፥ ኮድቡር በተባለው ክፍል ነው። ሐርጌሳ የግመልና የበግ፥ የፍየልም ገበያ ያላት ከተማ ናት፤ ዓሣ ግን ከበርበራ የባሕር ዳርቻ የሚመጣ ምግብ እንጂ በቤት የሚኖር እንስሳ ሆኖ ብዙ አይታወቅም። ስለዚህ መቶ ሊትር የሚይዝ የመስተዋት ገንዳ በእንግዳ መቀበያ ክፍላችን ባቆምን ጊዜ ጎረቤቶቻችን እየመጡ ይመለከቱና ይደነቁ ነበር። በገንዳው የሚኖሩት ጉፒ የሚባሉ፥ ጅራታቸው እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ዐሥራ አንድ ትንንሽ ዓሣዎች ነበሩ። ልጆቻችንም ለእያንዳንዱ ስም አውጥተውለታል።

አንድ ሰሞን ከዓሣዎቹ ሁለቱ እየበሉ መክሳት ጀመሩ። ሆዳቸው ወደ ውስጥ ገባ፤ ዐይነ ምድራቸውም ነጭ ክር መሰለ። ከጥቂት ቀን በኋላ ትልቋ ልጃችን መብራት አስጠግታ ስትመለከት፥ ከአንደኛው ዓሣ መውጫ ቀያይ ክሮች ብቅ ብለው አየች፤ ዓሣው ሲንቀሳቀስ ክሮቹ ተመልሰው ወደ ውስጥ ገቡ። ይህ ምልክት የታወቀ ነው፤ ካማላኑስ የተባለው ድቡልቡል ትል የዓሣውን አንጀት ነክሶ ደሙን ይመጣል፤ ቅላቱም ከዚያ የመጣ ነው።

በዚያን ቀን የመጡ አንድ እንግዳ፥ «ጣት ስለማታህል ዓሣ ይህን ያህል መጨነቅ ምንድር ነው? ድፏቸውና ሌላ ግዙ» አሉን። ምክሩ ለኪስ ይቀል ይሆናል። ልጆቻችን ግን ስም ያወጡለት ፍጥረት ሲደፋ ቆመው ቢመለከቱ ምን ይማራሉ? ስለዚህ ለማከም ቈረጥን።

የሆድ ተባይ ሁሉ አንድ አለመሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ለጠፍጣፋ ትል የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል ነው። በማጉያ መነጽር ብቻ ለሚታዩት፥ ጅራፍ በሚመስል ጭራ ለሚዋኙት ጥቃቅን ተባዮች ሜትሮኒዳዞል ይሰጣል። እንደ ካማላኑስ ላለው ድቡልቡል ትል ደግሞ ሌቫሚሶል ወይም ፌንቤንዳዞል ይሆናል። ተባዩን ሳይለዩ መድኃኒት መጨመር ዓሣውን በከንቱ ማድከም ነው።

የዓሣ መድኃኒት የሚሸጥ ሱቅ በአቅራቢያችን አላገኘንም። ፍየል የሚያረቡት ሽማግሌ ጎረቤታችን ግን ነገሩን ሰምተው አንድ እሽግ ይዘው መጡ። «ልጆቼ፥ እኔ ለፍየሎቼ የምሰጠው ይህንኑ ነው፤ ትል ትል ነው» አሉ። እሽጉን ብናነበው በእርግጥ ሌቫሚሶል ነበር። የፍየሉ ትልና የዓሣው ትል ልዩ ልዩ ቢሆኑም ሁለቱም ድቡልቡል ትሎች በመሆናቸው መድኃኒቱ በአንድ መንገድ ይሠራባቸዋል፤ የትሉን ጡንቻ ጨምድዶ ያደነዝዘዋል፥ የያዘውንም አንጀት ያስለቅቀዋል።

ለአንድ ሊትር ውኃ የሚበቃው 2 ሚሊግራም ነው፤ ስለዚህ ለመቶ ሊትር ገንዳችን 200 ሚሊግራም መዘንን። የክኒኑ ክብደትና በውስጡ ያለው የመድኃኒት መጠን አንድ ስላልሆነ ጽሕፈቱን አንብቦ ማስላት ግድ ነው። መድኃኒቱን ይመጥጣልና የማጣሪያውን ከሰል አወጣን፤ ብርሃን ያደክመዋልና ገንዳውን በጨርቅ ሸፈንን። የታመሙትን ሁለቱን ብቻ ሳይሆን ዐሥራ አንዱንም አብረን አከምን፤ ጤነኛ የሚመስለው ዓሣ ትሉን በስውር ሊይዝ ይችላልና። ሽማግሌው ይህን ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «እኔም ግማሹን መንጋ አጠጥቼ ግማሹን አልተውም» አሉ።

ከባዱ ሥራ የመጣው ከሃያ አራት ሰዓት በኋላ ነው። ሌቫሚሶል ትሉን ያደነዝዘዋል እንጂ ሁልጊዜ አይገድለውም፤ ከዓሣው የወጣው ትልና እጩ በአሸዋው ላይ ይቀራል። ስለዚህ አሸዋውን በቱቦ እየሳቡ ማጽዳትና ከግማሽ የበለጠውን ውኃ መለወጥ ያሻል። በሐርጌሳ ደግሞ ውኃ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። የከተማዋ ዋና የውኃ ምንጭ በስተ ሰሜን ያሉት የጌድ ደብሌ ጕድጓዶች ናቸው፤ ቧንቧ በማይደርስበት ቤት ውኃ በቦቴ መኪና ተገዝቶ ይመጣል። ልጆቻችን ይህን ስለሚያውቁ ልብሳቸውን በቁጠባ በማጠብ የዓሣዎቹን ድርሻ አተረፉ። መድኃኒት ያለበትንም ውኃ ፍየሎች ከማይጠጡበት ሥፍራ ደፋነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሕክምናውን ደገምን። ሁለቱ ከሲታዎች ሞቱ፤ ዘጠኙ ዳኑ፤ ቀይ ክርም ዳግመኛ አልታየም።

ይህ ትል የሚጓዝበት መንገድ ለሰውም ትምህርት አለው። የካማላኑስ እጭ ብዙ ጊዜ ሳይክሎፕስ በምትባል ጥቃቅን የውኃ ፍጥረት ሆድ ገብቶ፥ እርስዋን ከሚበላት ዓሣ ዘንድ ይደርሳል። የቅርብ ዘመዱ የሆነው የጊኒ ትልም በእነዚሁ ጥቃቅን ፍጥረታት ተሳፍሮ ያልተጣራ ውኃ ወደሚጠጣው ሰው ይገባል። ለጊኒ ትል የሚያድን መድኃኒትም ክትባትም አልተገኘም። ሆኖም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1986 ዓ.ም. ሦስት ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰዎችን ይይዝ የነበረው ይህ በሽታ፥ በ2023 ዓ.ም. በዓለም ሁሉ የተገኘው በ14 ሰዎች ላይ ብቻ ነው። በአገራችንም በጋምቤላ የተደረገው ትግል ይኸው ነበር፤ ውኃን በጨርቅ ማጥለል፥ የታመመውን ሰው ከኩሬ ማራቅ፥ የታመመ ውሻንም ማሰር። መንገዱ ሲዘጋ ትሉ ያለ ክኒን ተሸነፈ።

እንግዲህ ዓሣ የምታኖሩ አንባብያን ሆይ፥ አዲስ ዓሣ ስታመጡ ከአንድ ወር ላላነሰ ጊዜ በሌላ ዕቃ ለይታችሁ ጠብቁት፤ መረቡንና ቱቦውንም ከአሮጌው ገንዳ ዕቃ ጋር አታቀላቅሉ። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ አንድ ባልዲ ውኃና አንድ ወር ትዕግሥት ከብዙ መድኃኒት ያድናል።