ግማሽ ቀን በቬራክሩዝ ዳርቻ

ቬራክሩዝ ውስጥ የግማሽ ቀን ጉብኝት የሚያዘጋጁ ሰዎች ማልደው ነው ሥራ የሚጀምሩት። ሙቀቱ ያስገድዳቸዋል። ረፋዱ ላይ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ እርጥበት ሸሚዝን ከጀርባ ያጣብቃል፤ ከሰባት ሰዓት በኋላማ ፀሐይ ላይ ቆሞ ታሪክ የሚያዳምጥ ሰው አይገኝም። ለእኔ ወበቁ እንግዳ አልነበረም። አባቴ የባሕር ኃይል ባልደረባ ስለነበር ያደግሁት ምጽዋ ነው፤ አሁን የምኖርባት ሂዩስተንም የዚሁ ባሕረ ሰላጤ ጎረቤት ናት። ልጄ ኮሌጅ ስፓኒሽ ስትማር ቆይታ፣ "አባዬ፣ የተማርኩትን የምሞክርበት አገር እንሂድ" ስላለችኝ ነው አብረን የሄድነው።

ሚኒባሱ የሚነሳው ወደቡ ዳር ካለው ከግራን ካፌ ዴ ላ ፓሮኪያ ደጃፍ ነበር። ቀደም ብለን ስለደረስን ገብተን ተቀመጥን። ቡና ቤቱ የተመሠረተው በ1808 ነው ይላሉ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው)። የቤቱ መታወቂያ ሌቼሮ የሚባለው ባለወተት ቡና ነው። መጀመሪያ በረዥም ብርጭቆ ሥር ትንሽ ወፍራም ጥቁር ቡና ይቀዳል። ወተት የሚፈልግ ሰው አስተናጋጅ አይጣራም፤ ብርጭቆውን በማንኪያ ቅጭል ቅጭል ያደርጋል። ወዲያው ትልቅ ማንቆርቆሪያ የያዘ ሰው ከች ይልና ክንዱን ወደ ላይ ሰቅሎ ትኩሱን ወተት ከከፍታ ያንቆረቁረዋል። አረፋው የብርጭቆው አፍ ላይ ሲደርስ እጁን ቀጥ ያደርጋል፤ አንዲት ጠብታ አትፈስም። አዳራሹ ሙሉ ሰው በማንኪያ ብርጭቆ ይመታል፤ ከዚህም ከዚያም ይጠራራሉ፤ ቤቱ ገበያ ይሆናል።

ልጄ ቀምሳ፣ "ማኪያቶ ነው እኮ" አለችኝ። ለእኔ ወተቱ በዝቶብኛል። ቡናው ግን ከዚሁ ግዛት ደጋ፣ ከኮአቴፔክ አካባቢ የሚወርድ አረቢካ ስለሆነ ሽታው አልጠፋኝም። ከእኛ ጫካ የወጣው ዘር በየመን አድርጎ፣ በአውሮፓውያን እጅ የካሪቢያን ደሴቶችን አቋርጦ እዚህ ተራራ ላይ ከተተከለ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል። ደስ አለኝ፤ አልደብቅም።

አስጎብኚያችን ስልሳውን የተሻገሩ፣ ጠይም፣ ነጭ ሻሽ ያሰሩ ሴት ነበሩ። ስፓኒሹንም እንግሊዝኛውንም እየቀላቀሉ እያንዳንዳችንን ከየት እንደመጣን ጠየቁ። ልጄ ኢትዮጵያ ስትል ፊታቸው በራ። በወጣትነታቸው ሜክሲኮ ሲቲ ሲሠሩ በየጠዋቱ የሚወርዱበት የምድር ባቡር ጣቢያ ስሙ ኢትዮጵያ ነው፤ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው። "ዕድሜዬን በከፊል ኢትዮጵያ ላይ ወርጄ ነው ያሳለፍኩት" አሉን። እኔም በልጄ አስተርጓሚነት አዲስ አበባ ውስጥ ሜክሲኮ የሚባል አደባባይ እንዳለ፣ ታክሲ ረዳቶች ቀኑን ሙሉ "ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!" እያሉ እንደሚጣሩ ነገርኳቸው። ይህን አያውቁም ነበር። በፕሬዚዳንት ላሳሮ ካርዴናስ ዘመን ሜክሲኮ የጣሊያንን ወረራ በጄኔቭ ከተቃወሙትና ይዞታውን አናውቅም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1954 ሜክሲኮን ጎብኝተዋል። ሴትዮዋ ይህን ለቀሩት ተጓዦች ደግመው አስረዱልን። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ከሾፌሩ ኋላ ያለው ወንበር የእኛ ሆነ።

የመጀመሪያው ማረፊያችን የሳን ሁዋን ዴ ኡሉዋ ምሽግ ነበር። ጥንት ደሴት ነበረ፤ ዛሬ በመንገድ ከየብስ ጋር ተያይዞ ኮንቴይነር የሚጭኑ ክሬኖች ከበውታል። ስፔናዊው ወራሪ ኮርቴስ በ1519 የስቅለት ዓርብ ዕለት ሰዎቹን ወደ የብስ ያወረደው ከዚህ ደሴት ፊት ለፊት ነው። ግንባታው በ1535 ገደማ ተጀምሮ ለዘመናት ሲጨመርበት ኖሯል። ባሕሩን በሚመለከተው ግንብ ላይ የስፔን መርከቦች ይታሰሩባቸው የነበሩ ትልልቅ ቀለበቶች አሉ፤ ማዕበሉ ሲበረታ ገመዱ እዚያ ነበር የሚቋጠረው።

ሌሎቹ ቀለበቶቹን ፎቶ ሲያነሱ እኔ ግንቡ ላይ ቀረሁ። ድንጋዩ ከባሕር የተቆረጠ ኮራል ነው። ጠጋ ብሎ ላየው ሰው ጥቃቅን ቀዳዳዎች፣ ኮከብ የሚመስሉ ነቁጦች፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ እየተጠማዘዙ የሚሄዱ ረዣዥም መስመሮች ይታያሉ፤ እያንዳንዱ ድንጋይ አንድ ጊዜ ሕይወት ነበረው። ልጅ ሆኜ ምጽዋ ውስጥ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጣቴን የማሳልፍባቸው ግድግዳዎች እንደዚሁ ናቸው። የምጽዋ አሮጌ ቤቶች ከቀይ ባሕር በተቆረጠ ኮራል የተሠሩ ናቸው፤ ጨው ይበላቸዋል፣ ኖራ ይቀባሉ፣ ደግሞም ይበላቸዋል። በ1990 ከተማዋ በጦርነት ስትያዝ፣ ከዚያም በአውሮፕላን ስትደበደብ ከእነዚያ ቤቶች ብዙዎቹ ፈረሱ። እኔ ያኔ ርቄያለሁ። አባቴ ግን ወሬውን በሬዲዮ ሲሰማ የየቤቱን በረንዳ በስም እየጠራ፣ "ያስ ይኑር ይሆን? ያስ?" ይል እንደነበር አስታውሳለሁ። ልጄ አጠገቤ መጥታ እጄን ከእጇ ጋር አድርጋ ግንቡ ላይ አሳረፈችው። ብዙ አልተነጋገርንም። ምጽዋን አይታ አታውቅም።

ምሽጉ እስር ቤትም ነበር። የክፍሎቹ ጣሪያ ያዘንባል ማለት ይቻላል፤ ውኃው በኖራው ውስጥ ለዘመናት እየሰረገ ነጫጭ የድንጋይ ሹሎች ቁልቁል ተንጠልጥለዋል። ብርሃን የማይገባበት ክፍል ሲኦል ይባላል። ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ቤኒቶ ሁዋሬስ በ1853 ወደ ስደት ከመላኩ በፊት እዚህ ታስሯል፤ በፖርፊሪዮ ዲያስ ዘመን ደግሞ የመንግሥት ተቃዋሚዎች ይታጎሩበት ነበር። አብዮተኛው መሪ ካራንሳ በ1915 እስር ቤትነቱን አስቀረው። አስጎብኚዋ እዚህ ላይ ፈጠን አሉ። ድምፃቸውን ያሳረፉት ወደ መውጫው ስንቃረብ ነው። ከ1500ዎቹ ጀምሮ እስከ 1640 ገደማ ቬራክሩዝ በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን የሚራገፉባት ዋና በር ነበረች። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው በዚህ ወደብ አልፏል። በብረት ታስረው ወርደው፣ ተቆጥረው፣ ወደ ሸንኮራ እርሻና ወደ ብር ማዕድን ተነድተዋል። ሴትዮዋ ይህን ሲናገሩ ክንዳቸውን ዘርግተው የቆዳቸውን ቀለም አሳዩን። "ይህ በመርከብ ነው የመጣው፤ እዚህ ነው የወረደው" አሉ።

ከዚያ ወደ ሰሜን ወደ ላ አንቲጉዋ ተጓዝን። መንገዱ በአሸዋ ኮረብታና በሸንኮራ ማሳ መካከል ያልፋል። ላ አንቲጉዋ ዛሬ በወንዝ ዳር የተኛች ትንሽ መንደር ናት፤ ከ1520ዎቹ አጋማሽ እስከ 1599 ድረስ ግን ቬራክሩዝ ማለት እሷ ነበረች። ችግሯ ወንዙ ነው። ትልልቅ መርከቦች ወደ ውስጥ መግባት ስለማይችሉ ጭነታቸውን ኡሉዋ ላይ ያራግፉና ዕቃው በትንንሽ ጀልባና በበቅሎ ይጓጓዝ ነበር። በመጨረሻ ከተማዋን ራሷን ነቅለው ምሽጉ ፊት ለፊት ተከሏት። ወደብ ሲርቅ ከተማ ምን እንደሚሆን ላ አንቲጉዋ ላይ ቆሞ ማየት ይቻላል፤ ሰፋፊ ጎዳናዎች፣ ጥቂት ቤቶች፣ ከማንጎ ዛፍ ሥር የተኙ ውሾች። የባሕር በር ነገር ለእኛ ሰዎች ቀላል ወሬ አይደለምና ይህን ቶሎ ማለፍ አልቻልኩም።

የኮርቴስ ቤት የሚሉት ፍርስራሽ መሐል መንደሩ ላይ ነው። ኮርቴስ እዚያ ስለመኖሩ ማስረጃ የለም፤ የአስተዳደርና የንግድ ሥራ የሚካሄድበት ቤት ሳይሆን አይቀርም ብለው አስጎብኚዋ በግልጽ ነገሩን። እንዲህ ያለ አስጎብኚ እወዳለሁ፤ ተረቱንም ታሪኩንም ለይቶ የሚሰጥ። ጣሪያው የለም። ሾላ መሰል ዛፎች ግድግዳው ላይ በቅለው ሥሮቻቸው በበርና በመስኮቱ ዙሪያ ቁልቁል ወርደዋል፤ አንዳንዱ ሥር ከክንዴ ይወፍራል። ሥሩ ግድግዳውን ሰንጥቆታል፤ አሁን ደግሞ እንዳይወድቅ የያዘው እሱ ነው። ዛፉን ቢቆርጡት ቤቱ ይናዳል። እዚህም ከጡቡና ከወንዝ ድንጋዩ መካከል ኮራል አየሁ፤ ልጄ ናት ቀድማ ያገኘችው።

ኮርቴስ መርከቦቹን አስሮበታል የሚባለውን ትልቅ ዛፍና በሜክሲኮ ከታነጹት የመጀመሪያዎቹ አብያተ ክርስቲያናት መካከል የሚቆጠረውን ትንሿን የሮሳሪዮ ጸሎት ቤት አየን። በወንዙ ላይ የተንጠለጠለውን የእግረኛ ድልድይ ተሻግረን ተመለስን፤ ሲወዛወዝ ልጄ እየሳቀች ክንዴን ያዘች።

ወደ ደቡብ ስንመለስ የቬራክሩዝን መሐል አቋርጠን አለፍን። የቀድሞውን የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት በመስኮት ነው ያየነው፤ ዛሬ ሙዚየም ነው። በ1914 ሚያዝያ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከተማዋን ሲወር፣ የሜክሲኮ ጦር ለቆ ከወጣ በኋላ የተዋጉት የዚህ ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖችና የከተማው ሕዝብ ናቸው። ቪርጂሊዮ ኡሪቤ የሚባል ዕጩ መኮንን ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ እያለ ወደቀ። ሆሴ አሱዌታ የተባለው ወጣት መኮንን መንገድ ላይ ወጥቶ በመትረየስ ሲዋጋ ቆስሎ ኋላ ሞተ፤ የወራሪውን ሐኪም እርዳታ አልቀበልም ማለቱን ሁሉም ይናገራል። አሜሪካኖቹ እስከ ኅዳር ቆዩ። ልጄ ይህን ታሪክ አሜሪካን አገር በተማረችበት ትምህርት ቤት አልሰማችውም። አባቴ ምጽዋ ላይ ያሠለጥናቸው የነበሩት ልጆች ነጭ ዩኒፎርም ለብሰው ሲሰለፉ ዓይኔ ላይ መጡብኝና፣ ሾፌሩን ትንሽ ቁም ልለው ከአፌ ደርሶ ነበር። ግን ሰው ሁሉ ርቦታል።

ምሳ ማንዲንጋ ላይ ነበር። ቦካ ዴል ሪዮን አልፈን፣ የሐማፓ ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበትን ድልድይ ተሻግረን ደረስን። ማንዲንጋ በማንግሮቭ በተከበበ ሐይቅ ዳር ያለ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው፤ ስሙም የምዕራብ አፍሪካ ሕዝብ ስም ነው። የአስጎብኚያችን አያት የተወለዱት እዚህ ነው። ምግብ ቤቱ ከቤት ይልቅ ዳስ ነው፤ ወለሉ ከውኃው ላይ ከፍ ብሎ በእንጨት ምሰሶ ቆሟል፤ ሥሩ ጀልባዎች ታስረዋል። ከሐይቁ የወጣ ኦይስተር በሎሚ ቀረበ። ቀጥሎ በሸክላ ድስት እንደተንተከተከ አሮስ አ ላ ቱምባዳ መጣ፦ መረቅ የበዛበት ሩዝ፣ ሽሪምፕ፣ ዓሣና ሸርጣን አንድ ላይ የተቀቀሉበት። መጠጡ ከለውዝ፣ ከወተትና ከሸንኮራ አረቄ የተመታ ቶሪቶ ነው፤ ይጣፍጣል፣ ያሳስታልም።

አንድ ሽማግሌ በገና የሚያህል ሃርፕ፣ ሁለት ወጣቶች ደግሞ ሐራና የምትባለውን ትንሽ ጊታር ይዘው መጡ። ሶን ሐሮቾ ይሉታል ሙዚቃውን። አንዷ ልጅ ከእንጨት በተሠራ መድረክ ላይ ወጥታ በጫማዋ መታችው፤ ከበሮ የለም፣ ከበሮው እግሯ ነው። አስጎብኚዋ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው፣ በ1766 ኢንኩዊዚሽን የሚባለው የቤተ ክርስቲያን ችሎት ቹቹምቤ የተሰኘውን የዚህን ወደብ ዘፈንና ጭፈራ እንዳገደ ነገሩኝ። ከሃቫና በመርከብ የገባ፣ ጥቁሮችና ክልሶች የሚጨፍሩት ነበር። እገዳው በጽሑፍ ቀርቷል፤ ጭፈራው እነሆ እዚህ ነው።

ከምሳ በኋላ አስጎብኚያችን ስለ ራሳቸው ብዙ አወሩን። ትምህርት ቤት ሳሉ መጽሐፋቸው ሜክሲኮ የስፔንና የነባር ሕዝቦች ልጅ ናት ነበር የሚለው፤ ሦስተኛው ወላጅ አልተጻፈም። ባርነትን በ1829 ያስወገደው ፕሬዚዳንት ቪሴንቴ ጌሬሮ ራሱ የአፍሪካ ደም እንዳለበት ያወቁት አድገው ነው። የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ሜክሲኳውያን በሕገ መንግሥቱ የታወቁት በ2019 ነው፤ በቀጣዩ ዓመት በተደረገው ቆጠራ ጥያቄው ቀርቦ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰው "አዎ" ብሎ መለሰ። ቆጣሪው ቤታቸው ሲመጣ ጥያቄውን እንዲደግምላቸው ጠይቀውት ነበር። "ሰምቼው ነው ያስደገምኩት" አሉን፤ "ደግሜ መመለስ ስለፈለግሁ።"

ልጄ ደብተሯን አውጥታ ታሪኩን እየጻፈች ስለ ያንጋ ጠየቀቻቸው። ያንጋ በ1570 ገደማ ከባርነት አምልጦ በኦሪሳባ አቅራቢያ ባሉት ተራሮች ላይ የሸፈተ መሪ ነው። በ1609 የዘመተበትን የስፔን ጦር ተቋቁሞ፣ በመጨረሻ ስፔኖች ለሕዝቡ ነፃ ከተማ ለመፍቀድ ተገደዱ። ከተማዋ ከ1932 ጀምሮ በስሙ ትጠራለች። ሴትዮዋ እጃቸውን ወደ ምዕራብ ዘርግተው፣ እዚያ መሄድ በግማሽ ቀን አይሆንም፤ ኮርዶባ ድረስ በአውቶቡስ ሄዶ ከዚያ ሌላ መኪና መያዝ ይጠይቃል አሉ። ሚኒባሱ ወደ ከተማ ሲመልሰን ልጄ የአውቶቡስ ጣቢያውን አድራሻ አስጻፈቻቸው፤ እኔም ሆቴሉ አንድ ሌሊት እንዲጨምርልን ደወልኩ።